ስካውት በሀዋሳ፦ ስለ ዓመቱ ሥራና ስለ ልጆቻችሁ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመስከረም ምዝገባ ሲከፈት ወላጆች የሚጠይቁንን፣ ዓመቱ ሲጋመስ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው የሚያነሡትን ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን።

ስካውት ምንድን ነው? የወታደር ሥልጠና ነው እንዴ?

አይደለም። መለዮው፣ ሰልፉና በሦስት ጣት የሚሰጠው ሰላምታ ወታደር ያስመስሉታል እንጂ መሣሪያም የውጊያ ትምህርትም የለበትም። ልጆች ከስድስት እስከ ስምንት በሚሆኑ ንዑስ ቡድኖች ተከፍለው፣ ከመካከላቸው መሪ መርጠው፣ በትርፍ ጊዜያቸው ከቤት ውጭ የሚማሩበትና ለሰፈራቸው የሚሠሩበት የበጎ ፈቃድ እንቅስቃሴ ነው። ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይኖራል፤ ሥራውን የሚመሩት ግን ልጆቹ ናቸው። ከዚህ በታች የምንሰጠው መልስ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ጥርጣሬው መነሻ የሌለው አይደለም። መሥራቹ ሮበርት ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበሩ፤ ስማቸው የገነነውም እ.ኤ.አ. በ1899 እና 1900 በደቡብ አፍሪካ የማፍኪንግ ከተማን ከበባ ተቋቁመው በመቆየታቸው ነው። በዚያ ከበባ ታዳጊ ልጆች መልእክት ሲያደርሱና ቁስለኛ ሲረዱ አዩ። ልጅ እውነተኛ ኃላፊነት ሲሰጠው ምን ያህል እንደሚሠራ ያስተዋሉት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ከባለጸጋና ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ 20 ልጆችን ይዘው ብራውንሲ በምትባል ደሴት ሰፈሩ፤ ያስተማሯቸውም ዱካ መከተልን፣ ማብሰልንና ሕይወት ማዳንን እንጂ ተኩስን አልነበረም። ዛሬ እንቅስቃሴው ከ170 በላይ ብሔራዊ ማኅበራትና ከ50 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1941 ያረፉት ሩቅ አይደለም፤ መቃብራቸው ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኒየሪ ከተማ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ነገር ነው?

ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ የነበረ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ ቆይቶ ደርግ ሲመጣ ቆመ፤ ወጣቱ እንዲደራጅ የተፈለገው በሌላ መልክ ስለነበር ቦታውን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ያዘው። ከደርግ መውደቅ በኋላ እንደገና ተቋቋመ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አያት ያውቀዋል፣ አባት ግን ሰምቶት አያውቅም። ምዝገባ ላይ ልጁን የሚያመጣው አያቱ ሲሆን ሥራችን በእጅጉ ይቀላል።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው? ሴት ልጆችስ?

ልጆቹን በዕድሜ ለይተን ነው የምናደራጀው፤ የአንደኛ ደረጃዎቹ ለብቻ፣ ከ11 ዓመት በላይ ያሉት ለብቻ፣ 18 ዓመት የሞላቸው ደግሞ ለብቻ። የመጨረሻዎቹ ሮቨር ይባላሉ፤ ታናናሾቹን የሚያግዙትም እነርሱ ናቸው።

ሴት ልጆች እኩል አባል ናቸው። የሴቶች ጥያቄ ከእንቅስቃሴው እኩል ዕድሜ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን በተደረገው ትልቅ የስካውት ስብሰባ ላይ ሳይጠሩ የመጡት ሴት ልጆች ናቸው በቀጣዩ ዓመት የሴቶች ስካውት እንዲመሠረት ያደረጉት። እኛ ዘንድ ፈተናው የአባልነት ደንብ ሳይሆን የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሟ ሲመጣ እርሷ ልብስ ታጥባለች፣ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ ወይም ለእሑድ ሽንኩርት ትልጣለች። እናቶችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን ለወንድሟም ያካፍሉ፤ አብሳይነቱን ካምፕ ላይ እናስተምረዋለን።

ስንት ብር ያስወጣል?

ለመጀመር የሚያስፈልገው ስካርፍ ብቻ ነው። ሙሉ መለዮውን ልጁ እንደሚቆይ ሳያረጋግጡ አያሰፉ፤ በሁለት ወር ከሚተወው ልጅ በላይ የሚያስቆጨው በስድስት ወር ከቁመቱ የሚያጥረው ሱሪ ነው። መለዮ የሌለው ልጅ ከኋላ ይሰለፍ የሚል ደንብ የለንም። በልብስ ምክንያት ልጅ የሚቀር ከሆነ ማቋቋማችንም ከንቱ ነው።

ካምፕ ሲኖር መዋጮ አለ። ገንዘብ የሌለው በዓይነት ያመጣል፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት። ማን ምን እንዳመጣ የሚያውቀው የመዝገብ ያዡ ብቻ ነው።

ስብሰባው በምን ቋንቋ ነው?

ልጆቹ በሚግባቡበት። በአንድ ንዑስ ቡድን ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛና ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ይገኛሉ፤ ሀዋሳ እንዲህ ናት። አባል ሲሆን የሚገባውን ቃል ኪዳን ማንም ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መግባት ይችላል። የቀረውን ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ በሁሉም ቋንቋ መቀለድ ይጀምራሉ።

ዓመቱ እንዴት ነው የሚሄደው?

ከመስከረም እስከ ኅዳር የመደራጀት ጊዜ ነው፤ ምዝገባ፣ የንዑስ ቡድን መሪዎች ምርጫና ሥልጠና፣ ለአዳዲሶቹ ደግሞ የቃል ኪዳን ዝግጅት። ቃል ኪዳን የሚገባው ልጁ የስካውትን ሕግ ተረድቶ በፈቃዱ ሲጠይቅ ነው እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን ተሰልፎ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ስለሚጠራ ትልቁን ካምፕና የእግር ጉዞዎችን የምናደርገው ያኔ ነው፤ በክረምት የተተከለው ችግኝ ውኃ የሚጠማውም በዚሁ ወቅት ስለሆነ ተረኞች በየሳምንቱ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ፣ ጥር 11 ጥምቀት ከተማውን በሰው ይሞሉታል፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቡድናችን ዓመቱን ሙሉ የሚለማመደውም ለእነዚህ ቀናት ነው ማለት ይቻላል።

የካቲት አጋማሽ ላይ የመሥራቹን ቀን እናከብራለን፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 የቤደን ፓወልም የባለቤታቸው የኦሌቭም ልደት ነው። ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ስለሚመጣ ከካምፕ ይልቅ በትምህርት ቤቶች ግቢ የሚሠራው ይበዛል። ግንቦት ለፈተና ይለቀቃል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ያለው የክረምት በጎ ፈቃድ ነው፦ ችግኝ ተከላ፣ ለታናናሾች ማጠናከሪያ ትምህርት፣ የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤት መጠገን፣ በትራፊክ መብራት አካባቢ እግረኛ ማሻገር። ቤት ጥገናው ላይ ሚስማር የሚመታው ባለሙያ ነው፤ ልጆቹ ጭቃ ያቦካሉ፣ ግድግዳ ይመርጋሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥገናው ካለቀ በኋላም እየተመለሱ ይጠይቃሉ። ብዙ እማማዎች ከጣሪያው ይልቅ የሚያመሰግኑት ለዚህ ነው።

አንድ በዓል ግን በየትኛውም ዕቅዳችን ላይ ቀን ቆርጠን ጽፈነው አናውቅም፤ ፍቼ ጫምባላላ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ የሚውልበትን ቀን የሚያስታውቁት ከዋክብትንና ጨረቃን የሚያነብቡት አያንቶዎች ናቸው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ሲያሰፍር የመሰከረለትም ይህንኑ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ «ፍቼ ሲታወጅ» ብለን እንተዋለን፤ የዚያን ሳምንት ሌላው ሥራ ይሸጋሸጋል። የከተማው ሕዝብ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ሲወጣ ልጆቻችን ከበሮ ሰሚ ብቻ ሳይሆኑ ውኃ አዳይም ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራላችሁ?

ገመድ መቋጠር፣ ካርታና ኮምፓስ ማንበብ፣ በትንሽ እንጨት ብዙ ማብሰል፣ ጨዋታ። ጨዋታውን እንደ ጊዜ ማባከን የሚያዩ ወላጆች አሉ፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚመለሰው ለእርሱ ብሎ ነው።

ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው፤ ከቤት ልማድ ጋር ትግል ስላለበት። ሰው ሲቃጠል የጥርስ ሳሙና ወይም ሊጥ መቀባት በየቤቱ አለ። ልጆቹ የሚማሩት የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ በሚፈስስ ውኃ ሥር መያዝን ነው፤ ሌላ ነገር አይቀባም፣ ውኃ የቋጠረው አይፈነዳም። ነስር ሲመጣ አንገትን ወደ ኋላ ማጋደል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል፤ ትክክሉ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው። ባጃጅ ተገልብጦ ሰው መሬት ላይ ቢቀር ደግሞ ተሯሩጦ አንሥቶ ሌላ ባጃጅ ላይ መጫን የአከርካሪ ጉዳት ያባብሳል። ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማቆም፣ የተጎዳውን አለማንቀሳቀስ፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 መጥራት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለተሰበሰበ ጎልማሳ «አትንኩት» ብሎ መጮህ እንዲችል ማድረግ ቋጠሮ ከማስተማር በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ጩኸቱን ጭምር እናለማምዳለን።

ትምህርቱን አይጎዳበትም?

በሳምንት ግማሽ ቀን ነው፤ የፈተና ሰሞን ደግሞ የለም። ውጤቱ ሲወርድ ልጁን ከስካውት በማስወጣት የሚቀጡ ወላጆች ግን ብዙዎች ናቸው። ይህን ከማድረግዎ በፊት ያነጋግሩን፤ በክረምት ማጠናከሪያ የሚያስተምሩት ሮቨሮች በዓመቱ መካከልም የሚያስጠኑበት ሰዓት አላቸው።

ልጄን ካምፕ ልልከው እፈራለሁ። ደኅንነቱ እንዴት ነው?

መፍራትዎ ጥሩ ነው፤ እኛም ስለምንፈራ ነው ደንብ ያበዛነው። ድንኳን ሐይቅ ዳር አይተከልም። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው አደጋ ላይ ነው። መዋኘት ፈጽሞ አይፈቀድም። ምክንያቱ መስጠም ብቻ አይደለም፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሐይቁ ዳርቻ ይገኛል፣ ትሉም በቆዳ በኩል ይገባል። ወደ ወንዶ ገነት ወይም ወደ ሌላ ደናማ ቦታ ስንሄድ አስቀድመው ትልልቆቹ ሄደው ቦታውን ያያሉ፣ የአካባቢውን አስተዳደር ያስፈቅዳሉ፣ የቅርቡን ጤና ጣቢያ ያውቃሉ። መጸዳጃ ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል። የሚጠጣ ውኃ ይፈላል።

ትልቅ ድርጅት መሆን ለብቻው ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ደቡብ ኮሪያ ያዘጋጀችው የዓለም ስካውት ጃምቦሪ፣ ማለትም ትልቁ የስካውቶች ካምፕ፣ ወደ 43 ሺህ የሚጠጉ ተሳታፊዎች ነበሩት፤ ጥላ በሌለበት ሜዳ ሙቀቱ ብዙ ልጆችን ጣለ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልዑካን ቀድመው ወጡ፣ በመጨረሻም አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ሰፈሩ በሙሉ ተነሣ። ያን ጊዜ ዜናውን ይዘው የመጡ ወላጆች ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። የእኛ መልስ ካምፕን ማሳነስ ነው፦ ጥቂት ልጆች፣ ጥቂት ሌሊቶች፣ በአንድ አውቶቡስ ልንመልሳቸው የምንችልበት ርቀት።

ልጄ ጿሚ ነው፤ ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ናቸው። አንድ ላይ እንዴት ይበላሉ? ቃል ኪዳኑስ ለማን ነው?

የካምፕ ድስት ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ጎመን ነው። ሥጋ አናበስልም። የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን እርድ ለይቶ ሁለት ድስት መጣድ ይቻላል፤ ግን አንድ እሳት ዙሪያ የመጡትን ልጆች ለሁለት መክፈል ነው። ሽሮ ረቡዕንም፣ ዐርብንም፣ ሐላልንም በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ቅቤ የሚፈልግ ከቤቱ ይዞ ሳህኑ ላይ ይጨምራል። በረመዳን ካምፕ አናደርግም፤ በዐቢይ ጾም ከተደረገ ጉዞው አጭር ይሆናል፣ ቁርስ ያልበላም አይገደድም።

ቃል ኪዳኑ ሦስት ነገር አለው፦ ለፈጣሪ፣ ለሌሎች፣ ለራስ። የመጀመሪያውን እያንዳንዱ ልጅ በገዛ እምነቱ ይሞላዋል። እሑድ ጠዋት ካምፕ ላይ ከሆንን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ለጸሎት ጊዜ ያገኛል፤ ዐርብ ዕለት ለጁምዓ እንዲሁ። ስብከት ግን የለም፤ መሪ ልጅን ወደ ራሱ እምነት ሊስብ ቢሞክር ከመሪነት ይነሣል።

አበል አለው? የምስክር ወረቀቱስ ለሥራ ይጠቅማል?

አበል የለም። ሀዋሳ ስብሰባና ሥልጠና የማይጠፋባት ከተማ ስለሆነች ሮቨሮቻችን ይህን ሲሰሙ የሚያዝኑበት ጊዜ አለ። መሪዎችም ያለ ክፍያ ነው የሚሠሩት። ለመጓጓዣ የወጣ ገንዘብ ይተካል፤ ባጃጅ ደረሰኝ ስለማይቆርጥ በመዝገብ ላይ እናስፈርማለን።

የምስክር ወረቀት እንሰጣለን፤ የሥራ በር ይከፍታል ብለን ግን ቃል አንገባም። ቀጣሪ ቢጠይቀን ልጁ ምን ሲሠራ እንደነበር በዝርዝር እንጽፋለን። ከወረቀቱ የሚበልጠውም እርሱ ነው።

ልጆቹ ደም ይለግሳሉ?

አባላት ለዕድሜያቸው ሲደርሱ ብቻ፤ ለመለገስ 18 ዓመት መሙላትና ከ45 ኪሎ በላይ መመዘን ያስፈልጋል። ታናናሾቹ የሚሠሩት ቅስቀሳ ነው። አባቱን ጎትቶ የሚያመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ከማንኛውም ድምፅ ማጉያ ይበልጣል።

በየክረምቱ ችግኝ ትተክላላችሁ። እውን ይጸድቃል?

ሁሉም አይጸድቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ ተከላ የክረምት በዓል ሆኗል፤ ለበዓሉ ካሜራ ይመጣል፣ ለጥር ውኃ ማጠጣት ግን አይመጣም። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ያየ ሰው ላስቲኩ ሳይወልቅለት የተቀበረ ችግኝ ማግኘቱ አይቀርም። ሥሩ ከላስቲኩ መውጫ ሲያጣ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ይደርቃል። ቀሪውን ፍየል ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ቁጥሩን ቀነስን። እያንዳንዱ ንዑስ ቡድን ሊያጠጣውና ሊያጥረው የሚችለውን ያህል ብቻ ይወስዳል። ጉድጓዱ አስቀድሞ ይቆፈራል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ በእሾህ ይታጠራል፣ ምልክት ይደረግበታል። መስከረም፣ ጥርና ሰኔ ላይ ልጆቹ እየቆጠሩ ይመዘግባሉ፤ የሞተው ለምን እንደሞተም ይጻፋል፦ ፍየል፣ ጥም፣ ምስጥ፣ ሰው። ወይራ፣ ዋንዛና ግራር እንመርጣለን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ለሪፖርት ይመቻል፤ ሐይቅ ዳር ግን የምንፈልገው ውኃውን የሚሻማ ዛፍ አይደለም።

ሐይቅ ዳር ዛሬ አጽድታችሁ ነገ ይቆሽሻል። ምን ፋይዳ አለው?

ጠረጋው ለብቻው ፋይዳው ትንሽ ነው፤ ይህን ከልጆቹም አንደብቅም። የሀዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውኃ ወንዝና ከከተማው ጎርፍ ይቀበላል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የምናነሣው ቆሻሻ ጉዞውን የጨረሰ ነው፤ የተነሣው ከሰፈራችን ቦይ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ልጆቹ ያነሡትን ይለያሉ፤ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የተበጣጠሰ መረብ፣ የጫማ ሶል። ከዚያ ቦዩን ይዘው ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ የበዛው ከየት እንደሚገባ በካርታ ላይ ያሰፍራሉ፣ ካርታውን ይዘው ቀበሌ ይገባሉ። አንዳንዴ አዳማጭ ያገኛሉ፣ አንዳንዴ «ሰኞ ተመለሱ» ይባላሉ። ሰኞ መመለስም ሥልጠና ነው። ዓሣ የሚያጸዱትን ሴቶችና ወንዶች ግን ጥፋተኛ አድርጎ መጥራት ተከልክሏል፤ የእነርሱን ትራፊ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከእኛ በፊት ያነሣዋል።

መሥሪያ ቤቶች ለስብሰባና ለሰልፍ ስካውቶችን ሲጠሩ ትልካላችሁ?

ሁልጊዜ አንልክም። በንግሥና በጥምቀት የጠፋ ልጅ ማገናኘት፣ ውኃ ማደል፣ የደከመ መደገፍ የእኛ ሥራ ነው፤ የመጣውም በዓል የማንም እምነት ይሁን እንሄዳለን። ሰው መግፋትና ገመድ ይዞ ሕዝብ መመለስ ግን የፖሊስ ሥራ ነው፤ ልጅ አይቆምበትም። እንግዳ ሲመጣ መለዮ ለብሶ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ አበባ ይዞ መቆምም አገልግሎት አይደለም። ጥሪው ሲመጣ «ልጆቹ ምን ይሠራሉ?» ብለን በጽሑፍ እንጠይቃለን፤ መልሱ «ያደምቃሉ» ከሆነ በትሕትና እንመልሳለን።

በፖለቲካው ምርጫ የለንም። የዓለም ስካውት ድርጅት ሕገ ደንብ እንቅስቃሴውን ከፖለቲካ ነጻና ለሁሉም ክፍት ብሎ ነው የሚገልጸው። መሪም ሆነ ሮቨር በግሉ ፓርቲ መደገፍ መብቱ ነው፤ ስካርፉን አንገቱ ላይ አስሮ ግን አይችልም።

ልጄን ለማላውቀው ሰው ነው የምሰጠው። ጥቃት ቢደርስስ?

ይህ ጥያቄ እንደ ስድብ የሚሰማው መሪ ካለ ከእኛ ጋር መቆየት የለበትም። በአሜሪካ ትልቁ የስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ የተገደደው ለአሥርት ዓመታት በልጆች ላይ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ምክንያት ነው። ከ82 ሺህ በላይ ሰዎች ተጎድተናል ብለው ቀረቡ፤ የካሣ ዕቅዱም ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ለረጅም ጊዜ የተሸፋፈነው ስሙ እንዳይጠፋ ተብሎ ነበር።

ከዚያ የተማርነውን በሥራ ላይ አውለናል። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያያቸው ቦታ አይሆንም፤ ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኖራሉ፣ ሴት ልጆች ባሉበት ካምፕ አንዷ ሴት ናት። ትልቅ ሰውና ልጅ አንድ ድንኳን አያድሩም። መሪ ለልጅ በቴሌግራም ለብቻው አይጽፍም፤ ቡድን ውስጥ ወላጅ ባለበት ነው። አዲስ መሪ የሚያውቁት ሰዎች ሳይጠየቁ አይጀምርም። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አንለጥፍም፤ ዕርዳታ ተቀባይ ቤተሰብን ደግሞ ቢፈቅዱም ፊታቸውን አናሳይም።

ልጅዎ «እገሌ ደስ አይለኝም» ካለ መጀመሪያ ይስሙት፤ «እርሱማ ጨዋ ሰው ነው» አይበሉት። ለእኛ ይንገሩን፤ ጉዳዩ ወንጀል የሚመስል ከሆነ እኛ ራሳችን አጣርተን ሳንጨርስ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። በሽምግልና አይታይም። «ቤተሰቡ እንዳይዋረድ» የሚል ሽማግሌ ልናከብረው እንችላለን፣ አንሰማውም።

ልጄ በዓመቱ መካከል «ሰለቸኝ» አለ። ላስገድደው?

አያስገድዱት። ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ባለፈው ወር ቡድኑ ውስጥ የወሰነው ነገር ነበር? ካልነበረ ጥፋቱ የእኛ መሪዎች ነው፤ ልጅ የሚሰለቸው ሁሉን የሚወስንለት ሲያገኝ ነው። መጥተው ይንገሩን። ኃላፊነት ተሰጥቶት የሸሸ ከሆነ ደግሞ የጀመረውን ተራ ጨርሶ እንዲወጣ ይምከሩት፤ የችግኙ ተራ ለምሳሌ ለሌላ ሳይሰጥ መቅረት የለበትም።

በዓመት መጨረሻ ሪፖርት ላይ የምትጽፉት ቁጥር እውነት ነው?

ይህንን የሚጠይቁን ሮቨሮቹ ናቸው፤ ደግ አድርገዋል። አንድ ልጅ ችግኝ ተክሎ፣ ሐይቅ ዳር ጠርጎ፣ ቤት ጥገና ላይ ጭቃ አቡክቶ ከሆነ በሦስቱም ዝርዝር ስሙ ይኖራል። ሦስቱን ደምሮ «ሦስት ወጣቶች ተሳተፉ» ማለት ቀላል ነው፤ በየዘርፉ ሪፖርት እንዲሁ ሲበዛ ይታያል። ስለዚህ ሰውና ተሳትፎ ለየብቻ ይቆጠራሉ። ስንት ልጅ መስከረም ገብቶ ስንቱ ሰኔ ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ያለ መሪ እገዛ ካምፕ ማቀድ እንደቻለ፣ ስንት ችግኝ ከነሕይወቱ ክረምት እንደደረሰ በሌላ ገጽ ይሰፍራል። ያ ገጽ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፤ በዚህም ምክንያት «ቁጥሩን ከፍ አድርጉት» የተባልንበት ጊዜ አለ።

መዝገቡ ክፍት ነው። የልጆቹን የግል ጉዳይ የያዘው ክፍል ሲቀር ሌላውን ማንኛውም ወላጅ በቅዳሜ ስብሰባ ላይ መጥቶ ማገላበጥ ይችላል፤ የሚያሳያቸውም ተረኛው ልጅ ነው።